መኪናችሁ ሃይዌይ ላይ ብትቆም ማን ይመጣላችኋል? ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሾፌሮች የንጽጽር መመሪያ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሄርንደን፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የተዘጋ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ነኝ። የኡበር አፑን ከፍቼ ከደለስ ኤርፖርት ጥሪ እየጠበቅኩ መኪናዋን አጠፋሁና ሸለብ አደረገኝ። የውስጡን መብራት ግን አላጠፋሁም። ጃንዋሪ ነው፤ ባትሪዋም አምስት ዓመት አልፏታል። ስነቃ ፕሪየሴ ሞታለች። ማስነሻውን ስጫን ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ብልጭ አሉና ድርግም።

የጃምፐር ኬብሌ ከኋላ ነው ያለው። የኋላው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ የለም። ሳቄ መጣ።

ኢንሹራንሴ ላይ የመንገድ ዳር እርዳታ ነበረኝ። በወር ሁለት ዶላር ምናምን ስከፍል ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትህትናዋ ልክ የለውም። ስሜን፣ የመኪናዋን ዓይነት፣ ያለሁበትን ቦታ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፣ «መኪናውን አሁን ለሥራ ነው የሚጠቀሙበት?» አለች። እኔም የዋህ ነኝ፣ «አዎ፣ የኡበር ጥሪ እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሰው በክፍያ የሚያመላልስ መኪና ሽፋኑ ውስጥ የለም። ውሉ ላይ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ያገኘሁት ባለ ቶው ትራክ (መኪና ጎታች) ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪ ቢፈልግ አጣ። የእኔዋ ፕሪየስ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ነዋ! ከፊት፣ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ፣ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን ያላት ጫፍ አለች። ኬብሉ የሚታሰረው እሷ ላይ ነው። በስልኬ መብራት አሳየሁት። አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። 120 ዶላር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ውል ማንበብ የጀመርኩት። የራሴን ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቼ የያዙትንም እያመጡልኝ አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። የትኛው ድርጅት ጎበዝ ነው የሚለውን አልነግራችሁም። ምክንያቱም የሚመጣላችሁ መኪና ብዙ ጊዜ ያው ነው። ኢንሹራንሱም፣ ክለቡም (እንደ ትሪፕል ኤ ያለው የሾፌሮች ማኅበር)፣ የመኪናው አምራችም ስልኩን ይቀበሉና በአካባቢው ላሉ የቶው ድርጅቶች ያስተላልፋሉ። ክለቦች በአንዳንድ ቦታ የራሳቸው መኪና አላቸው፤ በሌላ ቦታ ግን ኮንትራክተር ነው። ስለዚህ «የእነ እንትና ቶሎ ይመጣል» የሚለው ወሬ ብዙም አያስኬድም። በረዶ በጣለ ማለዳ ሁሉም ይዘገያል።

መጀመሪያ መለኪያው

አሌክሳንድሪያ የሚሠራ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው መካኒክ አለን። የሄርንደኑን ታሪክ ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ስንት ነው ብለህ ነው የገዛኸው። የት ነው የምታወርዱልኝ ብለህ አልጠየቅህም።»

ልክ ነው። ቶው የሚባለው ነገር ዋናው ጥያቄ የት ያደርሳል ነው። ብዙ ውሎች «በአቅራቢያ ወዳለ ብቁ ጋራዥ» ይላሉ። ሲነበብ ደስ ይላል። እሁድ ከሰዓት ፍሬድሪክስበርግ ላይ ስትቆሙ ግን በአቅራቢያ ያለው ጋራዥ ዝግ ነው። መካኒኩን አታውቁትም፣ እሱም አያውቃችሁም። ሰኞ ጠዋት ደውሎ የሚነግራችሁን ዋጋ ከማን ጋር ታወዳድሩታላችሁ? መኪናዋን ከዚያ አስነስታችሁ ወደ ራሳችሁ መካኒክ ለማምጣት ደግሞ ሁለተኛ ቶው ትከፍላላችሁ። ከፍሬድሪክስበርግ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ 60 ማይል ነው። ሽፋናችሁ 5 ማይል ብቻ ከሆነና ባለ ቶው ትራኩ በትርፉ ማይል 5 ዶላር ቢጠይቃችሁ፣ 55 ማይሉ 275 ዶላር ነው። «ሽፋን አለኝ» ብላችሁ እየፎከራችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ሽፋኑ የሚከተለው እናንተን ነው ወይስ መኪናዋን የሚለው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የኢንሹራንስና የአምራች ሽፋን በአብዛኛው ከመኪናዋ ጋር ነው። የክለብ አባልነት ከሰውዬው ጋር ነው። እኛ አገር ቤት እንደለመድነው እዚህም በአንድ መኪና ተጫጭነን ነው ለቅሶ የምንሄደው፣ ሰርግ የምንሄደው። በየዓመቱ ጁላይ አካባቢ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ሲመጣም ሦስት አራት ሆነን ሌላ ስቴት እንነዳለን። የክለብ አባል የሆነ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ካለ፣ መኪናዋ የማንም ትሁን፣ በእሱ ካርድ መጥራት ይቻላል። ካርዱን የያዘው ሰው ግን በአካል እዚያ መገኘት አለበት። ለወንድማችሁ ቁጥሩን በቴክስት ልካችሁ አይሆንም።

ሦስተኛው የእኔው ቁስል ነው፤ በመኪናዋ ምን ትሠራላችሁ? ታክሲ፣ ሊሞ፣ ኡበር፣ ሊፍት፣ ምግብ ማድረስ። በውሉ ውስጥ «የንግድ አገልግሎት»፣ «ለኪራይ»፣ «በክፍያ» የሚሉ ቃላት ካያችሁ ቁሙና አንብቡ። ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁና መልሱን በኢሜይል አስልኩ። ስልክ ላይ «አዎ ይሸፍናል» ያለችው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አታነሳም።

አራተኛው የጥሪ ብዛት ነው፤ አብዛኛው በዓመት አራት አካባቢ ይሰጣል። ዋጋን አውቄ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት።

የኢንሹራንስ ተጨማሪ

ርካሹ ይህ ነው። በአንድ መኪና በዓመት ከ30 ዶላር በታች የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው። ጎማ ይቀይራሉ፣ ባትሪ ያስነሳሉ፣ ቁልፍ ውስጥ ከተቆለፈባችሁ ይከፍታሉ፣ ይጎትታሉ። ለቢሮ ሠራተኛ፣ ቤትና ሥራ ለሚመላለስ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ መጎተቱ ብዙ ጊዜ «በአቅራቢያ ወዳለው» ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ኩባንያዎች ጥሪውን እንደ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ይመዘግቡታል። አንድ ጥሪ ዋጋ ላያስጨምር ይችላል፤ በዓመት ሦስት አራት ሲሆን ግን ሪከርዳችሁ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሦስተኛው ሥራ ነው። የኡበር አፕ ሲበራ የግል ኢንሹራንሳችሁ ራሱ ላይሠራ ይችላል፤ ለዚህ ተብሎ የሚጨመር የራይድሼር ሽፋን አለ። እሱን ስትገዙ የመንገድ ዳር እርዳታውም አብሮ እንደሚሠራ ለይታችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

የክለብ አባልነት

እዚህ አገር ክለብ ሲባል ሰው የሚያስበው ትሪፕል ኤን (AAA) ነው። ከ1902 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። በየአካባቢው የተለያዩ ክለቦች ስብስብ ስለሆነ ዋጋውም ዝርዝሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእኛ በኩል ያለው ሚድ አትላንቲክ የሚባለው ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ ሦስት ነው፦ ክላሲክ (በአንዳንድ ክለብ ቤዚክ ይባላል)፣ ፕላስ፣ ፕሪሚየር።

ሰው የሚሳሳተው ክላሲክ ላይ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይገዛዋል። የሚጎትተው ግን እንደ ክለቡ ከ3 እስከ 7 ማይል ብቻ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይን ይዛችሁ ስፕሪንግፊልድ ለመድረስ እንኳ አይበቃም። ፕላስ 100 ማይል ነው። ፕሪሚየር በዓመት አንዱን ጥሪ እስከ 200 ማይል፣ ሌሎቹን እስከ 100 ማይል ይጎትታል። በእኔ ግምት ከከተማ ወጣ ለሚል ሰው የክለብ ዋጋ የሚጀምረው ከፕላስ ነው። ክላሲክ የሚበጀው ለባትሪና ለጎማ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ኢንሹራንሱ ይበቃችኋል።

ደረጃ ሲለያይ ሌሎች ነገሮችም ይለያያሉ። ነዳጅ ቢያልቅባችሁ በክላሲክ ያመጡላችኋል፣ የነዳጁን ዋጋ ግን እናንተ ትከፍላላችሁ፤ በፕላስ ነዳጁም ነጻ ነው። ባትሪ ቤታችሁ ድረስ መጥተው ይመረምራሉ፣ ከሞተ እዚያው ይቀይራሉ። የባትሪው ሂሳብ ግን የእናንተ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። መንገድ ላይ ቆማችሁ ደውላችሁ ፕላስ ልግዛ ብትሉ ለዚያ ቀን አያገለግላችሁም። 100 ማይሉ የሚጀምረው ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ነው። አንድ ጓደኛችን ሪችመንድ ላይ ቆሞ ይህን ሞከረ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሚስቱ ትስቃለች፣ እሱ የክሬዲት ካርድ ቁጥር እያነበበ ነው።

የሥራ መኪና ጉዳይ በክለቡም ከችግር ነጻ አይደለም። ታክሲና ሊሞ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። የግል ታርጋ ያላት የኡበር መኪና ጉዳይ እንደ ክለቡ ነው፤ የአባልነት መመሪያውን አስልኩና ያንን አንቀጽ ፈልጉ።

የመኪናው አምራች የሚሰጠው

አዲስ ወይም አዲስ የሚባል መኪና ካላችሁ ምናልባት ሳታውቁት ሽፋን ይዛችኋል። ሃዩንዳይ 5 ዓመት ያለ ማይል ገደብ ይሰጣል። ኪያ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ሆንዳ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል። ቶዮታ፣ የእኛ ሰው የሚወዳት፣ በአብዛኛው መኪኖቿ ላይ 2 ዓመት ነው። ቴስላ 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል።

መኪናዋ ዋራንቲ ላይ ከሆነች ወደ ዲለር መጎተቱ ጥሩ ነው፤ እዚያ በነጻ ትሠራለችና። ዋራንቲው ካለቀ ግን ዲለር ጋ መውረድ ማለት ሰዓቱን 150 እና 200 ዶላር የሚያስብ ሰው እጅ መግባት ማለት ነው። ኡበር የምትሠሩ ደግሞ ማይሉን ተጠንቀቁ። 36,000 ማይል ለሌላው ሰው ሦስት ዓመት ነው፤ ለእኛ የአንድ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ክሬዲት ካርድ

አንዳንድ ካርዶች የስልክ ቁጥር ይሰጧችኋል። ሰው ይልካሉ፣ እናንተ ቋሚ ዋጋ ትከፍላላችሁ። በአንድ ጥሪ ከ60 ዶላር በላይ ነው፤ መጎተቱም ብዙ ጊዜ 5 ማይል ነው። ዓመታዊ ክፍያቸው ውድ የሆኑ ካርዶች ውስጥ በአንድ ጥሪ እስከ 50 ዶላር፣ በዓመት እስከ አራት ጊዜ የሚሸፍኑ አሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ተጠቀሙበት። ለዚህ ብላችሁ ግን ካርድ አታውጡ።

በነጻ የሚገኘው

ይህን ለብዙ ሰው ስነግር አያምነኝም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ውስጥ ሃይዌይ ላይ ከቆማችሁ #77 ስትደውሉ የስቴት ፖሊስ ያነሳል። ቨርጂኒያ ሴፍቲ ሰርቪስ ፓትሮል የሚባል አለው። ሜሪላንድ ቻርት የሚባል አለው። ዲሲም የራሱ የመንገድ ፓትሮል አለው። ጎማ በመቀየር ይረዳሉ፣ ባትሪ ያስነሳሉ፣ ትንሽ ነዳጅ ይሰጣሉ። ከሁሉ በላይ መብራት የሚያበራ ትልቅ መኪናቸውን ከኋላችሁ ያቆማሉ። ቤልትዌይ ላይ በሌሊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህች የመጨረሻዋ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። አንድ ሳንቲም አያስከፍሉም። ነገር ግን ዋና ዋና መንገዶች ላይ ነው የሚዞሩት፤ ቤታችሁም መካኒካችሁም ጋ አያደርሷችሁም።

በነጻ ከሚመጣው ሌላም አለ፤ ሳትጠሩት የሚመጣ ቶው ትራክ። ስትቆሙ ከየት መጣ ሳትሉት ከኋላችሁ ይቆማል፣ «ኢንሹራንስህ ነው የላከኝ» ይላል። የላከው ድርጅት ማን እንደሚባል ጠይቁት። የኩባንያችሁን ስም ካልነገራችሁ፣ የጥሪ ቁጥራችሁን ካላነበበላችሁ፣ ሰንሰለቱን እንዳያስር። አንዴ ካሰረ በኋላ ዋጋ የሚናገረው እሱ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚከተለው | የት ድረስ ይጎትታል | ለሥራ መኪና | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የኢንሹራንስ ተጨማሪ | መኪናዋን | ብዙ ጊዜ በአቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ | ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ጠይቁ | ብዙ ጊዜ በዓመት ከ30 ዶላር በታች |
| ክለብ፣ ዝቅተኛው ደረጃ | ሰውየውን | ከ3 እስከ 7 ማይል | ታክሲና ሊሞ ብዙ ጊዜ አይሠራም | መካከለኛ |
| ክለብ፣ መካከለኛውና ከፍተኛው | ሰውየውን | 100 ማይል፤ በከፍተኛው አንዴ 200 | እንደ ክለቡ | ከፍ ያለ |
| አምራቹ | መኪናዋን | ብዙ ጊዜ ወደ ዲለር | ውሉን ተመልከቱ፤ ማይሉ ቶሎ ያልቃል | ከመኪናዋ ጋር |
| ክሬዲት ካርድ | ባለ ካርዱን | ብዙ ጊዜ 5 ማይል | እንደ ካርዱ | በጥሪ ከ60 ዶላር በላይ |
| የስቴት ፓትሮል | መንገዱን | ረጅም አይጎትትም | ይሠራል | ነጻ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

መኪናችሁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነች መጀመሪያ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ያለውን የአምራቹን መጽሐፍ አውጡ። ሽፋኑ ካላለቀ ሌላ ነገር ለጊዜው አትግዙ።

ቤትና ቢሮ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ የኢንሹራንሱ ይበቃል። የክለብ ገንዘብ አታባክኑ።

ቤተሰብ ውስጥ ሦስት አሮጌ መኪኖች ካሉ፣ ልጆች መንዳት ከጀመሩ፣ ወደ ክለብ ሂዱ። ለቤተሰብ አባል መጨመር ከሁለተኛ ሙሉ አባልነት ይረክሳል፤ እያንዳንዱም የራሱን ጥሪዎች ያገኛል። ኮሌጅ ያለችው ልጃችሁ በጓደኛዋ መኪና ብትቆምም ይሠራላታል።

ረጅም መንገድ የምትነዱ፣ አትላንታም ኮለምበስም የምትሉ፣ ከፕላስ በታች አትውረዱ። ነጻ አንድ ቶው ብቻ የዓመቱን ክፍያ ይመልሳል። አራቱም ጎማዋ በሞተር የሚዞር (ኦል ዊል ድራይቭ) ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ስትደውሉ «ፍላትቤድ ይሁን» በሉ፤ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ጭኖ የሚወስደው ማለት ነው። ሁለቱን ጎማ አንጠልጥሎ የሚጎትት ከመጣ መልሱት፤ ያበላሻታል።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ግን፣ ወገኖቼ፣ ለእናንተ አንድ መልስ የለኝም። እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ኢንሹራንሴ ላይ የራይድሼር ሽፋን ጨመርኩ፤ የመንገድ ዳር እርዳታው አፕ በርቶም እንደሚሠራ በኢሜይል አጻፍኩ። ለረጅም መንገድ የክለብ ፕላስ አለኝ፤ ያንን የምጠቀመው ለራሴ ስነዳ ነው። #77 ስልኬ ላይ ተቀምጧል።

በረዶ ደግሞ ከማንኛውም ውል በላይ ነው። በጃንዋሪ 2022 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ አይ-95 በበረዶ ተዘግቶ ሰው መኪናው ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ቆየ። ሴናተር ቲም ኬይን ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ያን ቀን ፕሪሚየር የያዘም ምንም ያልያዘም እኩል ነበር። ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሚበላ ነገር መኪናችሁ ውስጥ ይኑር። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም ከፍታችሁ እዩ። አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቦታው ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የአየር መሙያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ናት።

ከ100 ዶላር በታች የሚገኝ፣ መዳፍ የሚያክል ጃምፕ ስታርተርም (የሞተ ባትሪ የሚያስነሳ) ገዝቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጋ ለዘይት ቅየራ ስሄድ ኩራቴን አሳየሁት። ገልብጦ አየውና የት እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ።

«ከኋላ» አልኩት።

ምንም አላለም። ሄዶ የፊት በሩን ከፈተና ወንበሩ ስር ወሸቀልኝ።